የባቡሩ ሙግት

ስለ አጤ ምኒልክ ዘመን ሥልጣኔ በተነሣ ቁጥር የማይቀር ትረካ አለ። ስልክ ቤተ መንግሥት ገባ፤ ካህናቱ አፍ ሳይኖረው የሚናገር ነገር ሰይጣን እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም ብለው ተቆጡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሥልጣኔ ወዳድ ነበሩና አልሰሟቸውም ይባላል። ትረካው በመኪናም በወፍጮም እየተለዋወጠ ይነገራል፤ ሰዎቹ ግን ሁልጊዜ ያው ናቸው፤ አንድ አስተዋይ ንጉሥ፣ ብዙ ግራ የገባቸው ሹማምንትና ካህናት። ከዚህ ውስጥ አንዳች እውነት የለም አልልም። አዲስ ዕቃ ሲመጣ የሚደነግጥ ሰው በየትም አገር ነበረ፣ ዛሬም አለ። ቅሬታዬ ትረካው የሸፈነብን ነገር ስላለ ነው። በዚያ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት አዳዲስ ሥራዎች ሁሉ ትልቁ፣ ውዱና አገሪቱን ይበልጥ የለወጠው የምድር ባቡር ነበር። በባቡሩ ላይ የተነሣው ሙግት ደግሞ የሰይጣን ነገር አልነበረም፤ የውል ነገር ነበር። ሐዲዱን ማን ይዘረጋዋል፣ ማን ያዝበታል፣ ትርፉ ለማን ይገባል፣ በሐዲዱ ዳር ያጠፋ ፈረንጅ በማን ሕግ ይዳኛል የሚል ሙግት ነበር። ኢትዮጵያውያን ስለ ቴክኖሎጂና ስለ መንግሥት ፖሊሲ በዘመናዊ መልክ መከራከር የጀመሩት በዚህ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተከራካሪዎቹን ጨለምተኛ ብሎ ማለፍም ከሰጡን ነገር ትልቁን መጣል ነው።

ፍርሃቱ ከየት መጣ የሚለውን እናስቀድም። በእኛ በኩል ባለው የቀይ ባሕር ዳርቻ ሐዲድ መጀመሪያ የታየው ከነጋዴ ጋር ሳይሆን ከጦር ጋር ነው። በ1860 ዓ.ም ጄኔራል ናፒየር አጤ ቴዎድሮስን ሊወጋ ዙላ ላይ ሲወርድ፣ ስንቁንና ጥይቱን ከባሕሩ ዳር ወደ ተራራው ግርጌ የሚያደርስ ሐዲድ አስነጠፈ። ከዙላ እስከ ኩማይሌ የሚሄድ አጭር መስመር ነበር፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የሐዲዱ ዕድሜ ከዘመቻው ዕድሜ አላለፈም፤ የተሠራለት ጉዳይ መቅደላ ላይ አልቋልና። ሃያ ዓመት ቆይቶ ነገሩ ተደገመ። በጥር 1879 ራስ አሉላ የኢጣሊያን ጦር ዶጋሊ ላይ ከደመሰሱት በኋላ ሮማ በብዙ እጥፍ የበዛ ወታደር ላከች፤ ያን ወታደር ለመቀለብና ለማመላለስም ከምጽዋ እስከ ሰሓጢ ሐዲድ ተዘረጋ። አጤ ዮሐንስ በ1880 ዓ.ም ብዙ ሠራዊት አስከትለው እስከ ሰሓጢ ቢወርዱም፣ ምሽጉን ሳይደፍሩ ተመለሱ። እንግዲህ በዘመኑ የነበረ አንድ ሹም ስለ ባቡር ቢጠየቅ በሕይወት ዘመኑ የሰማቸው ሁለት ሐዲዶች እነዚህ ናቸው። ባቡር ወታደር የሚያመጣ መንገድ ነው ቢል ከመጽሐፈ አጋንንት አልቀዳውም፤ ከትናንት ወሬ ነው የቀዳው።

ሁለተኛው የፍርሃት ምንጭ ወረቀት ነው። በሚያዝያ 1881 የተፈረመው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጹ በአማርኛው አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛው ሌላ ነገር ይል እንደነበር ከታወቀ በኋላ፣ አጤ ምኒልክ ውሉን በይፋ ያፈረሱት በ1885 ዓ.ም ነው። የባቡሩ የመጀመሪያ ውል የተፈረመው ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ቆይቶ፣ በመጋቢት 1886 ነው። ተቀባዩ ከ1870ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሸዋ ቤተ መንግሥት የኖረው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሲሆን፣ የፈረንሳዩ ነጋዴ ሼፍኔ አብሮት ነበር። ውሉ ሦስት መስመር ያስባል፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ከፋንና ነጭ ዓባይን። ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ኩባንያው ለንጉሠ ነገሥቱ አክሲዮን ይሰጣል፤ ትርፉ ከ3,000,000 ፍራንክ ሲያልፍ ከዚያ በላይ ያለውን ትርፍ ግማሽ ይከፍላል፤ በሐዲዱ አጠገብም የቴሌግራፍ ሽቦ ይዘረጋል። ይህን ውል ዛሬ ሆኖ መንቀፍ ቀላል ነው። ዘጠና ዘጠኝ ዓመት ማለት ሦስት ትውልድ ነው፤ ያውም ያልተሠራ ሥራ። ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ውሉ የተሰጠው ለግለሰብ እንጂ ለመንግሥት አልነበረም። ኢልግ ባሕር የሌላት፣ ቅኝ ግዛትም የማትሻ የስዊስ ልጅ ነው። ምኒልክ ከውጫሌ የተማሩት ትምህርት ይመስላል፤ ነጋዴው ቢያጭበረብር ዕዳው የገንዘብ ነው፤ መንግሥት ቢያጭበረብር ግን ዕዳው አገር ነው።

ያ ልዩነት ግን በፓሪስ አልጸናም። ኩባንያው በ1889 ዓ.ም አካባቢ ተቋቁሞ በ1890 መጀመሪያ ከጅቡቲ መዘርጋት ቢጀምርም፣ ገንዘቡ ቶሎ አለቀበት። የእንግሊዝ ባለገንዘቦች አክሲዮን እየገዙ ሲገቡ ፈረንሳይ ደነገጠች፤ እናም በጥር 1894 የጅቡቲው ገዥ ቦኑር ከኩባንያው ጋር አንድ ስምምነት ፈረመ። የፈረንሳይ መንግሥት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊሰጥ፣ በለውጡም በኩባንያው ላይ የቁጥጥር ሥልጣን ሊይዝ ተስማማ። ምኒልክን የጠየቀ ሰው አልነበረም። የግለሰብ የነበረው ውል በአንድ ፊርማ የመንግሥት ሆነ፤ ሐዲዱ የሚሄድበት ምድር ባለቤት የሆነው ንጉሥም ነገሩን የሰማው ካለቀ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 1895 የመጀመሪያው ባቡር 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ድሬዳዋ ሲደርስ፣ አዲስ አበባ የነበረው ስሜት የደስታ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ስምምነቱን ተቃወሙ። ሐዲዱም ከድሬዳዋ ሳያልፍ ዓመታት ቆመ።

የእኔ ክርክር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ሥልጣኔ ወዳዱ ንጉሥ፣ በትረካው ካህናቱን ችላ ብለው ወደፊት የሚራመዱት ሰው፣ ባቡሩን ያስቆሙት እርሳቸው ሆኑ። ባቡር ስለጠሉ አይደለም፤ ማን ያዝበታል የሚለው ጥያቄ ስላልተመለሰ ነው። በሚያዝያ 1897 የእንግሊዝን፣ የፈረንሳይንና የኢጣሊያን ወኪሎች ሰብስበው፣ እናንተ መስማማት ካቃታችሁ እኔ ራሴ አሠራዋለሁ እስከ ማለት ደርሰዋል። ገንዘቡ አልነበራቸውምና ዛቻው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ይሁንና የሙግቱን መልክ በግልጽ ያሳያል። ዘመናዊነትን የሚፈልገውና ሉዓላዊነትን የሚጠብቀው ሁለት የተለያዩ ወገን አልነበሩም፤ አንድ ሰው ውስጥ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱም ነበሩ።

ይህ ሁሉ የቤተ መንግሥት ነገር እንጂ የሕዝብ ክርክር ምኑ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ምክር ቤት የለም። «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ በ1890ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ ሃያ አራት ቅጂ ያህል ነበር የሚወጣው፤ በሃያ አራት ወረቀት አገር አይከራከርም። ነገር ግን ጋዜጣ በሌለበት አገር ክርክር ጋዜጣ ውስጥ ካልተገኘ የለም ማለት፣ ወንበር በሌለበት ቤት ሰው አይቀመጥም እንደ ማለት ነው። ግብር በሚገባበት አዳራሽ፣ በችሎት፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደብዳቤ፣ በገበያ፣ በሲራራ ነጋዴ ሰፈር ነገሩ ይነሣና ይወድቅ ነበር። ከዚያም በላይ፣ ባቡሩ የቀጥታ ጉዳት ያደረሰባቸው ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ ተናግረዋል። ከዘይላና ከጅቡቲ ወደ ሐረር የሚሄደው የግመል መንገድ የኢሳና የአፋር ጎሳዎች መተዳደሪያ ነበር፤ ግመል ያከራያሉ፣ መንገድ ይመራሉ፣ ለሚያልፍ ነጋዴ ዋስ ሆነው ዋጋ ይቀበላሉ። ሐዲዱ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከእጃቸው ሊያወጣ መጣ። ሠራተኞቹን አጠቁ፣ ሐዲድና ሽቦ ነቀሉ። ኩባንያው ሽፍቶች ናቸው አለ፤ ብዙ የታሪክ ጸሐፊም ቃሉን ሳይመረምር ተቀበለው። ነገሩን ረጋ ብሎ ላየው ግን ያ የፖሊሲ ተቃውሞ ነው፤ በመሬታችን ስለሚያልፍ ነገር ማን አማከረን የሚል። ሰው በመሞቱ ልክ ነበር አልልም። አለመማከራቸው ግን እውነት ነው።

የሐረርም ነገር አለ። የመጀመሪያው ውል ባቡሩ ሐረር እንዲገባ ያዝዝ ነበር። ተራራው አስቸግሮ፣ ወጪውም ከብዶ መስመሩ ከተራራው በታች ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ፤ በዚያም ድሬዳዋ ተወለደች፣ መጀመሪያ አዲስ ሐረር እየተባለች። ለዘመናት የንግድ በር የነበረችው የግንብ ከተማ በመሐንዲስ ስሌት ወደ ዳር ተገፋች፤ የዘይላ ወደብም ከእርሷ ጋር ቀዘቀዘ። መስመር ሲሠመር የሚያድገውንና የሚሞተውን ከተማ የሚመርጥ ሰው አለ፤ በዚህኛው መስመር ላይ መራጩ ሐረሬ አልነበረም።

የሙግቱ ሁለተኛ ምዕራፍ በካርታ ላይ ነው። በታኅሣሥ 1899 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ለንደን ላይ የሦስትዮሹን ስምምነት ተፈራረሙ። ጽሑፉ የኢትዮጵያን አንድነት እናከብራለን ብሎ ይጀምርና ወዲያው ባቡር ማከፋፈል ይገባል። እስከ አዲስ አበባ ያለው ለፈረንሳይ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ያለው ለእንግሊዝ፤ ኤርትራንና ሶማሊያን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አዙሮ የሚያገናኘው ለኢጣሊያ። በስምምነቱ ሐዲድ የትም አልተዘረጋም፤ የተዘረጋው የድርሻ መስመር ነው። ከምኒልክ በኋላ አገሪቱ ብትፈርስ ማን ምን እንደሚወስድ በባቡር ስም ተጽፏል። ባቡር የቅኝ ገዥ መንገድ ነው ብለው ይጠረጥሩ የነበሩት መኳንንት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ሊጠየቁ አይገባም፤ ማስረጃውን ራሳቸው ኃያላኑ ፈርመው ሰጥተዋቸዋል። ምኒልክ ስምምነቱ ሲነገራቸው የሰጡት መልስ ጨዋና ቀዝቃዛ ነበር፤ ሉዓላዊነቴን በምንም መንገድ የማይነካ እስከ ሆነ ድረስ የሚል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ስምምነት ግማሽ ድል፣ ግማሽ ሽንፈት ነው። አሮጌው ኩባንያ ከሰረ። በጥር 1900 አዲስ ውል ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም፣ ለጓዴሎፑ ተወላጅ ለዶክተር ቪታሊየን ተሰጠ፤ በእርሱም በኩል አዲስ ለተቋቋመው የፈረንሳይ ኩባንያ ተላለፈ። እንደገና በግለሰብ ስም፣ እንደገና ከጀርባው መንግሥት። በዚያው ወር ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከክሎቡኮቭስኪ ጋር የተፈረመው የንግድ ውል ደግሞ ሁለት ነገር አሰረ። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከመቶ 10 እንዳያልፍ፣ ለወይንና ለመጠጥ ከመቶ 8 እንዲሆን ወሰነ። ፈረንሳውያን ሲከሰሱም በቆንስላቸው በኩል እንዲዳኙ አደረገ፤ ሌሎቹም መንግሥታት ይህንኑ መብት ለዜጎቻቸው ጠየቁ። የውሉን ውጤት ለማየት ድሬዳዋን ማየት ይበቃ ነበር። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ በኩባንያው መሐንዲሶች መስመር የተቀየሰው ከዚራ፣ ወዲያ ማዶ አገሬው የሰፈረበት መጋላ። በአንድ ከተማ ሁለት ሥርዓት።

የውል ሙግቱ በባቡሩ ብቻ አልቀረም፤ ባንክም ገባበት። እቴጌ ጣይቱ በዚያ ዘመን ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚሣሉት ፈረንጅ የጠላች እልኸኛ ሴት ተደርገው ነው። የባንኩ ጉዳይ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በ1898 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ በግብጽ ብሔራዊ ባንክ ሥር የሚመራ፣ ለ50 ዓመት ብቸኛ መብት የተሰጠው ድርጅት ነበር። ግብጽ ራሷ በእንግሊዝ እጅ ናት፤ እዚያ የደረሰችውም ካናል ለማስቆፈርና አገር ለማዘመን በተበደረችው ዕዳ ተጎትታ ነው። እቴጌይቱ ባንክ አይግባ አላሉም። በ1901 ዓ.ም አካባቢ በአገር ሰው ገንዘብ ለእርሻና ለንግድ የሚያበድር ማኅበር እንዲቋቋም ከጀርባው ሆነው ረዱ። ማኅበሩ ሩቅ አልሄደም፤ ካፒታሉ ጥቂት፣ ልምዱም አልነበረም። ግን ተቃውሞ አማራጭ ሲያቀርብ ጨለምተኝነት አይባልም፤ ፖሊሲ ነው የሚባለው። በነገራችን ላይ መንግሥት ያን ባንክ በ1923 ዓ.ም ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ሲያደርገው ያደረገው ነገር እቴጌይቱ ከሃያ ዓመት በፊት የፈለጉትን ነው፤ ምስጋናውን ግን ሌሎች ወሰዱ።

እስካሁን ያየነው ሙግት አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረው። የሚጠይቀው ባለቤቱ ማን ነው ብቻ ነበር። ባቡሩ ምን ይጭናል፣ የሚጭነውስ ማንን ያበለጽጋል የሚለውን አልጠየቀም። ጉዳዩን ወደዚያ የወሰደው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። የዓድዋ ተወላጅ ሲሆን በልጅነቱ ከምጽዋ በጀርመን መርከብ ተሳፍሮ ወጥቶ በአውሮፓ ተማረ። ሲመለስ የባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ከዚያም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ። ስለ ባቡሩ ከሚከራከሩት ሁሉ የጭነቱን ዝርዝር በየቀኑ የሚያየው እርሱ ነበር ማለት ነው። በ1904 ዓ.ም በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ውስጥ የአውሮፓን ዕውቀት ያልተቀበለ ሕዝብ ነጻነቱን ይዞ ሊቆይ እንደማይችል ያስጠነቅቃል፤ የጃፓንን ምሳሌ ያነሣል፤ የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብር እንዲወሰን፣ ጉምሩክ እንዲስተካከል ይመክራል። ጨለምተኛ የሚለው ሰው ካለ ይምጣ። ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ግን ነገሩ ይጠልቃል። ዕውቀት ባለው ሕዝብና ዕውቀት በሌለው ሕዝብ መካከል የሚደረግ ንግድ እኩል ሊሆን አይችልም ይላል፤ አንዱ በጥቂት ድካም የሠራውን ለሌላው ብዙ ድካም ይለውጣልና። በፖለቲካ ነጻ ሆኖ በኑሮው የሌላ ተገዥ የሆነ ሕዝብ ነጻ ሊባል አይገባውም ይላል።

ይህን ሐሳብ ከጭነቱ ጋር አያይዞ ማንበብ የእኔ ሥራ ነው፤ የሚያስገድደው ግን ገብረ ሕይወት የቆመበት ቦታ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ሰም ነው፤ ወደ ላይ የሚመጣው አቡጀዲ፣ ሌላ ጨርቅና የብረት ዕቃ። ባቡሩ ይህን ልውውጥ አልፈጠረውም፤ አቡጀዲ በግመልም ይመጣ ነበር። ያፈጠነውና ያረከሰው ግን እርሱ ነው። ከባሕር ወደ መሐል አገር ሳምንታት ይወስድ የነበረው መንገድ ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገባ፣ ባቡሩ ሌሊት እያደረም ቢሆን፣ ሦስት ቀን ሆነ። ከመቶ 10 በላይ ቀረጥ መጣል በውል የተከለከለ መንግሥት ሸማኔውን በምን ይከላከልለታል? በዚህ ዓይን ሲታይ የክሎቡኮቭስኪ ውልና 784 ኪሎ ሜትሩ ሐዲድ ሁለት ነገር አይደሉም። ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም ሲያርፍ ገና ሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማው ነበር። የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ ከዚያ ሞት ገና አላገገመም።

አሁን ጠንከር ያለውን ተቃውሞ ልውሰድ። ይህ ሁሉ ጥርጣሬ አገሪቱን አዘግይቷታል፤ ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ደርሶ አዲስ አበባ የገባው ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ነው፤ በዚያ መካከል የጠፋው የንግድ ገቢ፣ ሳይመጣ የቀረው ማሽንና መጽሐፍ በማን ይጠየቃል ይባላል። ባቡሩም ሲገባ ጠቅሟል፤ አዲስ አበባ በቆርቆሮ የተሸፈነችው፣ ሲሚንቶና መስታወት ያየችው፣ ቡናችን በብዛት የዓለምን ገበያ ያገኘው በእርሱ ነው። እውነት ነው፤ አልክድም። ሁለት ነገር ግን እጨምራለሁ። አንደኛ፣ መዘግየቱን ያመጣው የምኒልክ እምቢታ ብቻ አይደለም። ኩባንያው ከስሯል፤ ሦስቱ ኃያላን እርስ በርሳቸው ሲጎታተቱ አራት ዓመት ፈጅተዋል። ንጉሡ በ1894 እሺ ቢሉ ኖሮ ከፈረንሳይ ድጎማ በላይ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከየት ይመጣ እንደነበር የሚያሳይ ነገር የለም። ሁለተኛ፣ መዘግየቱ ዋጋ እንዳስከፈለ ሁሉ መቸኮሉም ዋጋ ነበረው፤ ያን ዋጋ ለማየት ወደ ካይሮ መመልከት ይበቃ ነበር። በዚያ ዘመን የነበረ ሰው የቆርቆሮውን ጥቅም ከግብጽ ዕጣ ጋር በሚዛን አስቀምጦ ቢያመነታ ስሌት አላጣም።

የውጭ ገንዘብ ሳይገባ ባቡር የሠራ ደሃ አገር የት አለ የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የሚገኘው ገብረ ሕይወት በሚወደው አገር ነው። ጃፓን የመጀመሪያውን ባቡሯን በ1864 ዓ.ም ከቶክዮ ዮኮሃማ ስትዘረጋ ከእንግሊዝ ተበድራለች፤ መሐንዲሱም እንግሊዛዊ ነበር። ባቡሩ ግን የመንግሥቷ ነበር። ብድር ይከፈላል፤ ለሦስት ትውልድ የተሰጠ መብት ግን ሲከፈል አይታይም። የእኛ ተከራካሪዎች ድካም እዚህ ላይ ነው። አይሆንም ማለት አወቁ፤ በምን ገንዘብ፣ በማን መሐንዲስ፣ በስንት ዓመት ይሆናል የሚለውን ግን በቁጥር አስልቶ ያቀረበ አልተገኘም። ውሎቹ የተዘጋጁት በፈረንሳይኛ አዋቂዎች ነው፤ ለድርድሩ ከተቀመጡት መካከል የሒሳብ መዝገብ ማንበብ የሚችል ኢትዮጵያዊ ከጣት ቁጥር አያልፍም ነበር። «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ በታኅሣሥ 1917 ሲወጣ፣ አምስት መቶ ያህል ቅጂ ብቻ ቢኖረውም፣ እንዲህ ያለ ክርክር በአማርኛ በየሳምንቱ የሚታተምበት መድረክ ተገኘ። ለባቡሩ ግን ዘግይቷል፤ ውሉ ከተፈረመ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል።

ተከራካሪዎቹ ልክ እንደነበሩ የመሰከረው የኋላው ታሪክ ነው። በ1927 ዓ.ም የፈረንሳዩ ላቫልና የኢጣሊያው ሙሶሊኒ ሮማ ላይ ሲስማሙ፣ ፈረንሳይ ለኢጣሊያ ካስረከበቻቸው ነገሮች መካከል የዚሁ ባቡር 2,500 አክሲዮን ይገኝበታል። ኢትዮጵያን ለመውረር ጦር እያከማቸች ላለች አገር፣ የኢትዮጵያ ዋና የባሕር መውጫ ድርሻ በኢትዮጵያ ሳይጠየቅ ተሸጠ። የ1894ቱ ፊርማ የተፈራለት ነገር ይህ ነበር፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ወስዶ ደረሰ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 አጤ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ የተዛወረውና አክሲዮኑ ለኢትዮጵያና ለፈረንሳይ መንግሥታት እኩል የተከፈለው በ1952 ዓ.ም በተደረገው ስምምነት ነው፤ ያውም ከዓመታት ድርድር በኋላ። ምኒልክ ውሉን ከፈረሙ ስድሳ ስድስት ዓመት አልፏል።

አሮጌው ሐዲድ ዛሬ አብዛኛው ቆሟል፤ በመስከረም 2009 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድርና በቻይና ኩባንያዎች ተሠርቷል። ይህኛው እንደ ጃፓኑ በብድር የተሠራ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ፣ የጥንቶቹ ተከራካሪዎች የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ተመልሷል ማለት ይቻላል። የገብረ ሕይወት ጥያቄ ግን አልተመለሰም፤ ሽቅብ የሚመጣው ጭነት ቁልቁል ከሚወርደው ይከብዳል። የብድሩ መክፈያ ጊዜ በ2010 ዓ.ም መጨረሻ ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም መደረጉም፣ ሲፈረም ሒሳቡ እንዴት ተሠርቶ ነበር ያሰኛል። የምኒልክ ዘመን ሰው ውሉን ማየት አይችልም ነበር። ዛሬ የብድር ስምምነት በምክር ቤት ሲጸድቅ አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛ ይወጣል፤ የብድሩ መጠን፣ ወለዱና የመክፈያው ዘመን ተጽፎ ይገኛል። ጋዜጣው በገበያ ይሸጣል። አንባቢ ሆይ፣ ገዝተህ አንብበው፤ ያልተጻፈውንም የወከልከውን ሰው ጠይቀው።